ሄርሚኒያ ባሳልዱዋና የልምሻው በጋ

ወይዘሮ ሄርሚኒያ ባሳልዱዋ ከአባታቸው ከአቶ ፍሎሬንሲዮ ባሳልዱዋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሞና ኢባሬ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1921 ዓ.ም. ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ በቻስኮሙስ አጠገብ፣ አባታቸው የሰው ላም እያለቡ በሚኖሩበት እርሻ ላይ ተወለዱ። በአካባቢው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉባቸው የሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸውን ልብስ መስፋት በእሳቸው ላይ ወደቀ። ጨርቁ የዱቄት ጆንያ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ማህተም ታጥቦ አልለቅ ሲላቸው ጽሑፉ ብብት ስር እንዲውል አድርገው ይቆርጡት ነበር፤ ወንድሞቻቸው እጃቸውን ካላነሱ በቀር ማንም አያይባቸውም። ብልሃታቸው ከዚያ ይጀምራል።

ልኬትና አቆራረጥ ያስተማሯቸው የከተማው መነኮሳት ናቸው። በ1939 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ ዳርቻ ወዳለችው ወደ አቬዣኔዳ መጥተው በአንድ ሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ሰፊ ሆኑ። በ1944 ዓ.ም. በሬሜዲዮስ ዴ ኤስካላዳ የባቡር ጥገና ጣቢያ የብረት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ሮሄሊዮ ፌራሪስ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ኑሯቸውም ከባለቤታቸው እናት ከዶኛ አሱንታ ጋር በአንድ ግቢ ሆነ። በ1946 ዓ.ም. ሚርታን፣ በ1950 ዓ.ም. ሱሌማን ወለዱ። ሚርታ ስትወለድ ፋብሪካውን ትተው በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ገዙና ለጎረቤት መስፋት ጀመሩ።

በጋ ለዚያ ቤት የስፌትና የሽርሽር ወቅት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይዘሮ ሄርሚኒያ መኪናቸውን ወደ በረንዳው አውጥተው የመዋኛ ልብሱን፣ ባርኔጣውን፣ የምሳ ቦርሳውን ሁሉ ራሳቸው ይሰፉ ነበር። አቶ ሮሄሊዮ ከሥራ ቤት ያመጡትን አሮጌ የባቡር ሸራ ገጣጥመው ድንኳን አድርገውታል። እሑድ እሑድ ሚላኔሳቸውን፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰውን ሥጋ፣ በዳቦ ይዘው በአውቶቡስ ወደ ኪልሜስ ይወርዱና ከወንዙ ዳር ይውላሉ። ዶኛ አሱንታም አብረው ይሄዳሉ፤ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ምራታቸው የቆረጡት ቀሚስ አጠረ፣ ሰፋ፣ ጠበበ እያሉ ነበር የሚውሉት።

የ1956 ዓ.ም. በጋ ግን እንዲህ አልነበረም። ገና ጥር ሳይጋመስ የልጅነት ልምሻ ከተማውን ወረረው። ማታ ሲጫወት ያመሸ ልጅ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሰዉ ልጁን ቤት ውስጥ ዘጋበት። በሽታውን ይገታል ተብሎ የየመንገዱ ዛፍ ግንድ ኖራ ተቀባ። ካምፎር የሚባለው ሽታው ኃይለኛ መድኃኒት በሽታውን ያርቃል ስለተባለ እናቶች በትንሽ ከረጢት እየቋጠሩ በልጆቻቸው አንገት ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ወይዘሮ ሄርሚኒያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንገዱ ልጅ ሁሉ ያን ከረጢት ሰፉ። ይጠቅማል ብለው አምነው አልነበረም፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አቅቷቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሽታ ተሞላ።

ልጆቹ ከግቢ ሳይወጡ ሳምንታት አለፉ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል። ሚርታ ጥፍሯን እየበላች ጣቷን አደማችው። ሱሌማ ደግሞ በግቢው የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ራሷ እስኪዞር ትሮጥና ትወድቃለች፤ ተነሥታ እንደገና ትሮጣለች። ወይዘሮ ሄርሚኒያ ለአንድ ቀን ሰው ወደማይበዛበት የወንዙ ዳርቻ እንውሰዳቸው ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። አቶ ሮሄሊዮ እንዳታስቢው አሉ።

በየካቲት አንድ የሥራ ቀን ባለቤታቸው ሥራ፣ ዶኛ አሱንታ ዘመድ ጥየቃ በሄዱበት፣ ወይዘሮ ሄርሚኒያ ሁለቱን ልጆች ይዘው ወንዝ ወረዱ። ከሩቅ ከሚታይ አንድ ዓሣ አጥማጅ በቀር በዳርቻው ሰው አልነበረም። ልጆቹ ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያወልቁ እግሬ አውጪኝ ብለው በአሸዋው ላይ ሮጡ። ባለቤታቸውና አማታቸው ሳይመጡ ወደ ቤት ተመለሱና ልብሱን አጥበው አሰጡት። አሸዋው ግን በሱሌማ ቀሚስ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ቀርቶ ነበር። የደረቀውን ልብስ ያነሡት ዶኛ አሱንታ ናቸው። 

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሱሌማ አንገቴን አለች። ሌሊቱን በትኩሳት ስትቃጠል አደረች፤ ጠዋት ከአልጋ ልትወርድ ስትል ቀኝ እግሯ ከዳትና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። አላለቀሰችም፤ እግሯን ብቻ ታየው ነበር። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ፍራሿን ግቢው ውስጥ አቃጠሉት።

ፍራሹ እየጨሰ ሳለ ዶኛ አሱንታ በልጃቸው ፊት አፍ አውጥተው ተናገሩ።

«ወንዝ ወስደሻታል። አሸዋውን ከቀሚሷ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይይልሽ።»

አቶ ሮሄሊዮ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ባርኔጣቸውን አነሡና ወጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየቀረቡ ቃል አልተነፈሱላቸውም። ሐኪሙ በሽታው በየመንገዱ እንዳለ፣ ከቤት ያልወጡ ልጆችም እንደታመሙ፣ ሱሌማ የት እንደያዛት ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነግሯቸው ነበር። ወይዘሮ ሄርሚኒያ ሰሙት እንጂ ልባቸው አልተቀበለውም።

ጎረቤትም ራቃቸው። እንዲሰፉላቸው ጨርቅ የሰጡ ሰዎች መጥተው ከበር ሳያልፉ መልሱልን አሉ። አንዲት እናት ለልጇ የመጀመሪያ ቁርባን የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ከቤታቸው ፊት ለፊት መንገድ ላይ አቃጠለችው። ወይዘሮ ሄርሚኒያ በመስኮቱ መዝጊያ ቀዳዳ ቆመው አዩ። ያችን ሴት አንድም ቀን ክፉ አልተናገሯትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አቃጥለው ነበር ይሉ ነበር። ሚርታን ቻስኮሙስ ወንድማቸው ዘንድ ሰደዷት።

ወደ ሆስፒታሉ ወላጅ አይገባም ነበር። እናቶችና አባቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ወደ በሩ ትመጣና ደህና አድራለች፣ እንደ ትናንቱ ናት ትላለች። አንዳንዷን እናት ግን ነይ ግቢ ትላታለች። በዚያ በር ግቢ መባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ ነርሷ ስትወጣ ሰዉ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

አንድ ጠዋት ከጭነት መኪና አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ሲራገፍ አዩ። በዚህ ሙቀት ሱፍ ለምን እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቁት። ሱፉ በፈላ ውሃ ተነክሮና ተጨምቆ የልጆቹ እግርና ጀርባ ላይ እንደሚጠቀለል፣ ነርሶቹ ቀን ከሌት እየቀደዱ እንደማይደርሱበት ነገራቸው። ወይዘሮ ሄርሚኒያ ፀጉራቸውን አስተካከሉ፤ በጎን በር ገቡና ከደብሩ የሴቶች ማኅበር የተላክሁ ሰፊ ነኝ አሉ። ማንም አልላካቸውም። የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ክሌሜንሲያ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። እዚህ የተኛ ልጅ አለሽ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ወይዘሮ ሄርሚኒያ የለኝም አሉ። በሕይወታቸው ከዚያ ቃል የከበደ እንዳልተናገሩ እስከ እርጅናቸው ይናገሩ ነበር።

ምድር ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛና የስፌት መኪና ሰጧቸው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ክፍት ሆኖ ጭንና ባት ብቻ እንዲሸፈን ሲስተር ክሌሜንሲያ አሳዩአቸው፤ እሳቸውም በየልጁ ቁመት እየቆረጡ ይሰፉ ጀመር። የተሰፋው በቅርጫት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ደግሞ ሱፉ ገላቸውን ሲነካው የሚጮኹ ልጆች ድምፅ ይወርዳል። ከእነዚያ ድምፆች የሱሌማ የትኛው እንደሆነ ለመለየት መኪናቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ አይለይም። መኪናውን እንደገና ይረግጣሉ።

ሱሌማ ከጠርዙ ውስጥ በቢጫ ክር ጫጩት ያልተጠለፈበት ልብስ አትለብስም ነበር። ወይዘሮ ሄርሚኒያ እናቷ ቅርብ መሆኗን ልጅቱ እንድታውቅ ፈለጉ። የትኛው ጨርቅ ለእሷ እንደሚደርስ ስለማያውቁ በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ጫጩት ጠለፉ። ነርሶቹ ልጆቹን ለማስደሰት መስሏቸው አመሰገኗቸው።

በመካከሉ የሆስፒታሉ የስፌት መኪና ተሰበረ። ያን ቀን ማምሻውን አቶ ሮሄሊዮ ከሥራ ወጥተው ከአጥሩ ውጭ እንደ ወትሯቸው ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሄርሚኒያ ወደ አጥሩ ፍርግርግ ቀርበው መኪናው ተሰበረብኝ አሏቸው።  በማግስቱ ባለቤታቸው የቤቱን የስፌት መኪና ራስ ከጠረጴዛው ፈትተው፣ በጆንያ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ።

«ዘይት አጠጥቼዋለሁ» አሉ። ፍራሹ ከተቃጠለበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲስተር ክሌሜንሲያ አንድ እርጥብ ሱፍ ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ላይ አንዲት ልጅ አለች። እስከ ዛሬ አፏን ከፍታ አታውቅም። ዛሬ ይህን እያሳየች እናቴ ናት የሰፋችው ትላለች።»

ወይዘሮ ሄርሚኒያ እጃቸውን ከመኪናው ላይ አነሡ።

«ዋሽተሽኛል» አሉ ሲስተር ክሌሜንሲያ።

«አዎ ሲስተር።»

«ስንት ልጅ ነው ያለሽ እዚህ?»

«አንድ። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ አያስወጡኝ።»

መነኩሴዋ ከአጥሩ ውጭ ስንት እናት እንደቆመ ታውቂያለሽ ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። አውቃለሁ አሉ።

«የጀመርሽውን ጨርሺ። ከዚያ እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢና ወደ ላይ ውጪ። ለማልቀስ ከሆነ ግን አትምጪ፤ ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ወይዘሮ ሄርሚኒያ ጨርሰው፣ ታጥበው ወደ ላይ ወጡ። ሱሌማ ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ አገኟት። እቅፍ አላደረጓትም፤ ሱፉ ከፈላው ውሃ ወጥቶ ነበር። ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሲስተር ክሌሜንሲያ ጠቀለሉ። ሱሌማ ልቀቂኝ እማዬ፣ ልቀቂኝ እያለች ጮኸች። አልለቀቋትም። እስከ መጸው ማለቂያ በየቀኑ የራሳቸውን ልጅም የሌላውንም ልጅ እንዲሁ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ በእጃቸው ላይ አርፈዋል። ማምሻውን ወደ አጥሩ እየወጡ ስለ ልጆቻቸው ያዩትን ለእናቶቹ የሚናገሩት እሳቸው ሆኑ።

ሱሌማ ክረምት ሲገባ ቀኝ እግሯ በብረት ተደግፎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ የብረቱን ጠርዝ ቆዳዋን እንዳይቆርጣት በሞረድ አለሰለሱላት። ክትባቱ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ወይዘሮ ሄርሚኒያ ከቻስኮሙስ ከተመለሰችው ከሚርታ ጋር ገና ሳይነጋ ተሰለፉ። ዶኛ አሱንታ ስለተናገሩት ነገር ይቅርታ አልጠየቁም፤ ወይዘሮ ሄርሚኒያም አልጠበቁም። ሆኖም አማቲቱ በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውሉ ያስታመሟቸው ምራታቸው ናቸው፤ መቃብር የምለብሰውን ሄርሚኒያ ትስፋልኝ ብለው ተናዘዙ። የሰፉላቸው ቀሚስ አላጠረም፣ አልጠበበም።

ሱሌማ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት በአገሩ ልማድ በዚያ ዕድሜ ለሚከበረው በዓሏ ብረቱን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ ተቆረጠላት። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመችና አሳጥሪው አለች። ወይዘሮ ሄርሚኒያ እንደ እኩዮቿ እንድትታይ ብለው እንደሆነ ለማስረዳት ሞከሩ፤ ከዚያም ቁጭ አሉና ለዓመታት አምቀው የያዙትን የወንዙን ነገር ነገሯት። እኔ ነኝ የወሰድኩሽ፣ አባትሽ ከልክሎኝ ነበር አሏት።

«አስታውሰዋለሁ» አለች ሱሌማ። «ስሮጥ የማስታውሰው ያን ቀን ብቻ ነው። እሱን አትውሰጂብኝ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሄርሚኒያ መርፌዎቹን በከንፈራቸው ያዙ፤ ተንበርክከው ጠርዙን እስከ ጉልበቷ ድረስ አነሡት።

ባለቤታቸው አቶ ሮሄሊዮ በ1984 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም መስፋታቸውን አልተዉም። በደብሩ አዳራሽ ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች አቆራረጥ አስተምረዋል፤ በጋ ሲመጣ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው በአውቶቡስ ወደ ወንዙ ወርደዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ልጆቻቸው ባሉበት በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ወይዘሮ ሄርሚኒያ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት፣ የአራት ልጆች አያትና የአንዲት ሕፃን ቅድመ አያት ነበሩ። ያለውንም የሌለውንም ሰው እኩል ያስተናግዱ ነበርና፣ ሐዘኑ የቤተሰቡ ብቻ አይደለም።

ልጃቸው መምህርት ሱሌማ ፌራሪስ ከመቃብር ቦታው በር እስከ ማረፊያቸው ድረስ ተሽከርካሪ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ ብለዋል፤ እናታቸውን በእግራቸው ይሸኛሉ። ስለዚህ ለቀብር የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ እርምጃችሁን ከእሳቸው እርምጃ ጋር እንድታመጣጥኑ፣ ማንም ቀድሟቸው እንዳይሄድ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

መሐሪው ጌታ የደከሙበትን ይቀበልላቸው፣ የተጨነቁበትን ይርሳላቸው፣ ነፍሳቸውን በእጃቸው ላይ ካረፉት ሕፃናት ጋር ያኑርልን። አሜን።