ወንበር ላይ ስለቀረው ፎቶዎ

ለክቡር አቶ ነጅሙዲን፣ የማታ ትምህርት ጣቢያችን ኃላፊ
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎም ማራገቢያ መብራት ሳይሄድበት የሚውል ይሁንልዎ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አምና ቢሆን ኖሮ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ እሄድ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እርስዎን ለመክሰስ የሚያስፈልገኝን ፊደል በሙሉ በራስዎ ጣቢያ አስተምረውኛልና ምስጋናዬ ይቅደም። በጣቢያው በር ላይ የለጠፍኩትም ተመራቂው ሁሉ አሁን ማንበብ ስለሚችል ነው።

አንደኛ፣ እኔ ሞላ አራጌ ከመናኸሪያው ጀርባ በከሰል ካውያ ቲሸርት ላይ ፎቶና ጽሑፍ የማትም ሰው መሆኔን ልቅም አድርገው እያወቁ፣ የምርቃታችንን ቲሸርት ገና በቅርቡ ከሮቢት መጥቶ የሕትመት ሱቅ ለከፈተው ለጌታሁን ስለሰጡት እጅግ አመሰግናለሁ። በዚህች ከተማ የሙሽራ ሚዜ ይሁን የኳስ ቡድን ደረቱ ላይ የለበሰው የእኔን እጅ ነው፤ ጎብዬ ከተማ ድረስ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ስሠራ ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ጽሑፉ ጨርቁ ላይ በካውያ በምንጫነው ወረቀት ላይ ተገልብጦ ስለሚመጣ ፊደልን መጀመሪያ የተዋወቅኋት ከጀርባዋ ነው፤ ክፍል ገብቼ ፊቷን ሳያት አላወቅኋትም። ሽማግሌ ሊባል በደረሰ ዕድሜዬ ማታ ማታ ደብተር ይዤ የተመላለስኩት አንድ ቀን የማትመውን እያነበብኩ ላትም ብዬ ነበር። ያ ቀን የምርቃታችን ቲሸርት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ለጌታሁን ሆነ። ደግ አደረጉ።

ሁለተኛ፣ ጌታሁን ስለሚያትምበት የኤሌክትሪክ ማሽን። ማሽኑ ያማረ መሆኑን አልክድም። ክዳኑ ብድግ ቁጭ ይላል፣ ሙቀቱን በቀይ ቁጥር ያሳያል፣ ሲበቃው ራሱ ይጮኻል። እኔ ቅናት የሚባል ነገር ስለማላውቅ በሱቁ በር በቀን ደጋግሜ አልፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ባለቤቴን ማርታን እዚያው በር ላይ አፏን ከፍታ ማሽኑን ስታይ አግኝቻት፣ እንደ ጨዋ ባል ሳምንቱን ሙሉ አኩርፌያት ሰነበትኩ። የእኔ ካውያ ሲበቃው አይጮኽም፤ የምጮኸው እኔ ነኝ።

መብራቱ ሄድ መጣ ሲል በነበረበት ቀን ጌታሁን ለምርቃቱ ለመድረስ ሲጣደፍ፣ ማሽኑ ሳይግል እየተጫነ ወረቀቱን ሲልጥ በዓይኔ አየሁ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ይህ እኮ ጥጥ ነው፣ ደህና ካልጋለ አይዝም ብዬ ብመክረው ቅናት ነው አለኝ። ቅናት መሆኑ እውነት ነው። ማሽኑ አለመጋሉም እውነት ነው።

ሦስተኛ፣ በተመራቂዎች ጀርባ ላይ የተመራቂ ስም ወይም አንዲት ፊደል እንኳ ሳይኖር የእርስዎ ፎቶ፣ ከሥሩም የጌታሁን ስልክ ቁጥር እንዲታተም መወሰንዎ ትሕትናዎን ያሳያል። ፊት ለፊታችን ላይ ያላደረጉት አፍረው መሆን አለበት።

አራተኛ፣ እንግዶቹን ድንኳን ውስጥ፣ እኛን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ በዋለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስላስቀመጡን፣ ንግግርዎንም ሳይቸኩሉ ስላሰሙን እናመሰግናለን። እኛም ደከመንና ደገፍ አልን። ከዚያ ተነሥታችሁ አጨብጭቡ ሲሉን ተነሣን፤ እርስዎ ግን አልተነሡም። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ግማሹ ላይ ግንባርዎ፣ ግማሹ ላይ ጢምዎ ተለጥፎ ቀረ። አብራኝ የተማረችው የሽንኩርት ነጋዴዋ አሚና ዞር ብላ አየችና፣ «ወላሂ፣ እኛ ተመርቀን ተነሣን፣ እሳቸው ወንበሩን አልለቅም አሉ» አለች። የተናገረችው እሷ ናት፤ እኔ መሳቅ ብቻ ነው የሳቅሁት። ከሁሉ አስበልጬ መሳቄን የነገሩዎት ሰዎች አልዋሹም።

አምስተኛውና ዋናው። ሰው ሁሉ ሰርተፍኬቱን እየተቀበለ እልል ሲባልለት፣ የእኔ ብቻ «ጉዳዩ እስኪጣራ» ተብሎ መሳቢያዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሞላ በቅናት ተነሣሥቶ ወንበሮቹን አንድ ነገር ቀብቷል ብለዋል አሉ፤ ማስረጃዎም ከሁሉ ቲሸርት የእኔ ብቻ አለመላጡ ነው። ምርመራዎ ረቂቅ ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ ቲሸርቱን የሰጡን ዕለት ዳር ዳሩ ብድግ ብድግ ሲል አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ቤቴ ወስጄ፣ ከሰሌን አቀጣጥዬ፣ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጌበት፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። እርስዎን ወድጄ ወይም ለጌታሁን አዝኜ አይደለም። ተበላሽቶ የታተመ ቲሸርት በሞላ ጀርባ አይታይም፤ ይኸው ነው ወንጀሌ።

ስለዚህ ሰርተፍኬቴን እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ከካውያዬ በላይ፣ ምስማሩን መትቼ ቦታውን አዘጋጅቻለሁ። እስከዚያው ባዶውን ምስማር ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል።

የእግርዎ ትቢያ፣ የጣቢያዎ ፍሬ፣ ከሌላ ሰው ማሽን በስተቀር በምንም የማይቀና፣
ሞላ አራጌ

ግልባጭ፦ ለጌታሁን፣ ማሽኑ እስኪግል ድረስ እንዲያነበው

ይህንንም ልጨምር፦ ፎቶዎን ከቲሸርቴ ጀርባ ለማስለቀቅ በሳሙና ፈተግሁት፣ ድንጋይ ላይ አሸሁት፤ አልለቀቀም። እጄን ረግሜ አላውቅም ነበር፣ አሁን ረገምኩት። ትናንት ለብሼው ስሄድ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ እየተከተሉ ቁጥሩን ከጀርባዬ ላይ አንብበው ቲሸርት ሊያሳትሙ ለጌታሁን ደወሉ። ክቡር ሆይ፣ በመላው ቆቦ እርስዎን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር አንድ ሰው ቢቀርዎ፣ ሰርተፍኬት የከለከሉት እሱኑ ነው።