እማ የምትሄድበት ባሌስትራ

ማክሰኞ

ጠንካራውን ገጠመው! ለስላሳውን እንገዛለን ብለን ተስማምተን፣ አያ ኑሩ ከማኪናችን ኋላ ለጭነት የሚሆን ወፍራም ባሌስትራ አስገጥሞ መጣ፣ ያውም አንድ ተደራቢ ብረት አስጨምሮ። ላንድክሩዘሯ የሁለታችን ናት። እኔ ጎንደር አራዳ ሱቄ ተቀምጬ ዕቃ እልካለሁ፣ ወንድሜ ይነዳል። እና መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው! "የድሮው ደክሞ ኋላዋ ተቀምጦ ነበር እኮ ሰዓዳ፣ ሆዷ ድንጋይ ይፍቅ ነበር" አለኝ። መድከሙንማ እኔም አውቃለሁ።

ቅዳሜ እናታችን ከሆስፒታል ትወጣለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ሐኪሙ "በመንገድ እንዳትናጥ" ብሏል። እሷ ደግሞ "ድብ ባሕር፣ ቤቴ" ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

ረቡዕ

ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን "ፍታልኝ" ስለው አያ ኑሩን ያያል። ወንድ ካላዘዘው ቁልፍ አያነሳም መሰለኝ። ስጮህ ጊዜ ተደራቢዋን ብቻ ፈታ። ትንሽ ድል። ከዚያ ማኪናዋ ገና በክሪክ ተንጠልጥላ ብሎኖቹን ጥርቅም ሊያደርጋቸው! "ጎማው መሬት ይርገጥ፣ ክብደቷን ትያዝ፣ ከዚያ አጥብቅ" አልኩት። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አያ ኑሩ ነው። ዛሬ አጠገባችን ቆሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ለስላሳ ባሌስትራ በከተማው የለም። የጠየቅኳቸው ሁሉ "ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ። መቼ? ኢንሻአላህ።

ሐሙስ

ፍራሽ ከኋላ አንጥፌ እማ በምትተኛበት ተኛሁ። ጠዳ ደርሰን ወደ ገጠር በሚያስገባው ኮረኮንች እንዲነዳ አዘዝኩት። በመጀመሪያው ጉድጓድ ከነፍራሹ ተነሳሁ። በሁለተኛው ምላሴን ነከስኩ። አስቁሜው ወረድኩና "አንተ እናት አለህ?" አልኩት፣ መንገደኛ እየሰማ። ታላቄ ነው፣ ነውር ነው። ግን አልጸጸተኝም።

ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ "ባዶ ስለሆነች ነው" አለኝ። ባዶ! እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?

ዓርብ

ከጁምዓ ሲመለስ ማኪናዋን ሱቄ በር ላይ አቁሞ፣ ለድብ ባሕር ደንበኛዬ ያዘጋጀሁትን ጨው ሳይጠይቀኝ ማስጫን ጀመረ። ደሜ ፈላ።

"ምነው አያ፣ እናታችንን ከጨው ጋር? አንድ ቀን እንኳ ሳትጭን ብትሄድ ምን ትሆናለህ?"

"ጠንካራ ባሌስትራ ጭነት ሲያገኝ ይለሰልሳል። አታምኝኝም፣ ተኝተሽ እይው።"

ላሳፍረው ብዬ ጆንያው ላይ ፍራሹን አንጥፌ ተኛሁ። ያው መንገድ፣ ያው ጉድጓድ። ማኪናዋ ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ከፍ አለች፣ በቃ።

"ደህና ነው" ብቻ አልኩት። ወላሂ፣ ከማጥፋቱ ይልቅ ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ። ለእማ ሳይሆን ለጭነቱ ብሎ እንደገዛው አውቃለሁ።

እሑድ

እማ ትናንት ቤቷ ገባች፣ አልሐምዱሊላህ። እጇን ይዤ ከጎኗ ነበርኩ። ሊማሊሞን ስንወርድ እኔ ዱዓ ሳደርግ እሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አያ ኑሩ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፤ ያንንም አልነገርኩትም። ስናወርዳት "ኑሩየ፣ ማኪናህ ሸጋ ናት፣ እደግ" ብላ መረቀችው። ማኪናህ! ግማሿ የማን ሆነችና?

ዛሬ ጨዋችንን አውርደን ባዶ ተመለስን። እስከ ጎንደር ድረስ ዘለልን።

"እማ ለምርመራ ስትመለስስ?" ብዬ ጮህኩበት። "ከድብ ባሕር የሚጫን ጨው የለም!"

"ጤፍ አለ" አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ሳላስበው ሳቅኩ። ከሳቄ ጋር ወገቤን ወጋኝ፤ ይህንንም በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ነገ ግን ስለ ለስላሳው ባሌስትራ አዲስ አበባ እደውላለሁ። ጤፉ ሳይደርስ እማ ብትታመምስ?