የአርባዕቱ እንስሳ ዓይኖች

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 1978 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣ አባ ወልደ ገብርኤል፤

ታንኳ ላይ ሆኜ የማልደርስበትን ጉልበትዎን በወረቀት ስሜ እጀምራለሁ። ይህን የሚያነብልዎ ቀዛፊው አለበል ነው። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ረጅም ቃል ላይ ይደናቀፋልና ይታገሡት። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ እንዲያነብልዎ ነግሬዋለሁ። ጨርቁንም ይዞት መጥቷል። ገና አይንኩት፤ መጀመሪያ እኔን ይስሙኝ።

ደክሞኛል አባባ። ከፋብሪካው ስወጣ የጥጡ ብናኝ ሽበቴን ሸፍኖት ይሁን ሽበቴ ብናኙን፣ መለየቱን ትቻለሁ። እሑድ ስብሰባ አለ። ስኳር መጣ ሲባል ሰልፍ አለ። ሳሉም አለቀቀኝ። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የምትቀረው ጊዜ ጠባብ ናት፤ የምሥለው በእሷ ነው።

እንዴት እንደምሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም። ልጅ ሳለን ብሩሹን ለወንድሜ ለመርስዔ ኀዘን ሰጡት፤ እኔ የቀለም ጽዋ አጠብሁ። አልተቀየምሁም፤ የዘመኑ ወግ ነበር። ከማጠቤ በፊት ግን ጽዋው ግርጌ የቀረችውን ቀለም በጣቴ ጠርጌ ከጓዳው ግድግዳ ላይ እቀባት ነበር። እማማ ከማረፏ በፊት የጓዳውን ግድግዳ ስትለቀልቅ «ይህን ግድግዳ ማን ነው የሚያዥጎረጉረው?» እያለች ስታጉረመርም ሰምተው ይሆናል። እኔ ነበርሁ። ትምህርቴ ያ ነው።

በራሴ ቤት የመጀመሪያውን ሥዕል የሠራሁት በኑግ ዘይት ነበር። ቤት ያለው ዘይት እሱ ነዋ! ዘይት ዘይት ነው ብዬ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ቀለሙ እንደረጠበ ቀረ። ከሐይቁ የሚነሣው ትንኝ ሁሉ እየመጣ ተለጠፈበት። አብራኝ ጥጥ የምትጠርገው ጎረቤቴ አገርነሽ ገብታ አየችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ይህን ነገር ለእኔም ሥሪልኝ።»

«ወደድሽው?»

«ኧረ ምኑን! ትንኙ ግን ወዶታል። አልጋዬ አጠገብ ልሰቅለው ነው።»

ተልባ መሆን እንዳለበት የነገረኝ ሰው የለም። በጾም ተልባ ስወቅጥ፣ ሙቀጫው አፍ ላይ የቀረው ቅባት ደርቆ እንደ ቆዳ ሲላጥ አየሁት፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ወቅጬ እቀቅለዋለሁ፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ ለቅሜ በጠርሙስ አደርግና ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ጥቁሩ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ቀዩ ከፋሲሎ ሰፈር ወዲያ መንገድ ሲቆፍሩ የወጣ አፈር። ነጩን በኖራ ሞክሬው ጨርቁን በላብኝ፤ አሁን ከትምህርት ቤት የሚጣለውን ስባሪ ጠመኔ እፈጫለሁ። ብሩሼ በሸምበቆ ላይ በክር የጠፈርሁት የፍየል ፀጉር ነው። ጨርቁም አሸማመኑ ስለተበላሸ ለሠራተኛ የሚለቁት አቡጀዲ ነው። ከወለል የጠረግሁትን የጥጥ ብናኝ ደግሞ ከቀለሙ ጋር እለውሰዋለሁ። ያኔ ቀለሙ ያብጣል፤ ሲደርቅ በእጅ ይዳሰሳል።

ስጀምር ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ጨርቁን ግድግዳ ላይ እወጥርና መጀመሪያ ጥቁሩን በቡትቶ አሽቼ አለብሰዋለሁ። ከዚያ በማንኪያ እጀታ እፍቀዋለሁ። የተፋቀው ቦታ የሆነ ነገር ይነግረኛል፤ እሱን እከተላለሁ። ሰው መምሰል ሲጀምር አጠፋዋለሁ።

ሐይቁን ሥዬ ያመጣሁልዎ ቀን ትዝ ይልዎታል? የ1974 ፋሲካ ማግስት ነበር። እኔ ታንኳው ላይ፣ እርስዎ ወደቡ ላይ፤ ሴት ከዚያ አታልፍም። ጨርቁን ዘረጋሁልዎ።

«ምንድን ነው?»

«ሐይቁ ነው አባባ። ሊነጋጋ ሲል።»

«ዓሣ አስጋሪስ የለበትም?»

«የለበትም።»

«መልአክስ?»

«የለም።»

«እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይን እንሥላለን፤ ኃጥኡን በአንድ» አሉ። «የአንቺ ጭራሽ ዓይን የለውም። ከኃጥእ በታች ነው እኮ፤ ምን ልበለው?»

አለበል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርስዎ ግን አልሳቁም። ጨርቁን ጠቅልለው ብብትዎ ሥር አደረጉና «ለማበሻ ይሆናል» ብለው ዳገቱን ወጡ። ስንመለስ አለበል ሊያጽናናኝ ብሎ ስለ ዓሣ ዋጋ ሲያወራኝ መጣ።

ዓይን የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ አልነበሩም። አምና ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል «ብሩሽ ትይዣለሽ» ተብዬ የቀበሌውን ቅስት ቀባሁ፤ ፊደሉን ብቻ። ሊቀመንበሩ ጓድ አስናቀ ቤቴ ድረስ መጥቶ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ግራ ቀኝ አየው።

«ጓድ የብርጓል፣ ሰው የለበትም። ማረሻ የለበትም። የተጨበጠ እጅ የለበትም። ይህ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም ጓድ።»

«እንግዲያ ምን ይሠራል?»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ነፋስ ይከልላል።»

በዚህ ተስማማን። ከቅስቱ የተረፈውን ቀይ ቀለምም በቆርቆሮ ትቶልኝ ሄደ።

መስከረም መጨረሻ ላይ አለበል የእርስዎን ጨርቅ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እንደ መልእክተኛ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቃልዎን ደገመልኝ። «በክረምቱ ከመቅደሱ ግድግዳ አርባዕቱ እንስሳ ያሉበት ጨርቅ ተቀዶ ወደቀ። አዲስ ጀመርሁ። ገጻቸውን ጨርሻለሁ፤ ክንፋቸውንም። ዓይናቸው ላይ ስደርስ የእኔ ዓይን ሄደ። ለበዓላቸው፣ ለኅዳር ስምንት፣ ግድግዳው ላይ መዋል አለበት። ዓይኖቹን የብርጓል ትጨርስልኝ።»

የእርስዎ ዓይን መሄዱን የሰማሁት በዚህ መሐል ነው፤ እንደ ሌላው ቃል ተደርድሮ። ተቀመጥሁ።

«ሌላ ሰዓሊ የለም?» አልሁት።

«አለ እንጂ። እኔም ብያቸው ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹አንተ ቅዘፍ› አሉኛ!»

ጨርቁን ዘረጋነው። ሰው፣ አንበሳ፣ ላም፣ ንስር፤ እጅዎ እንዳለ ነው አባባ፣ መስመሩ አልተንቀጠቀጠም። ከሥዕል ሁሉ ግን ክንፉ ሳይቀር ዓይን የሞላውን መርጠው ላኩልኝ። በየገጹና በየክንፉ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ባዶ ቦታ ትተዋል፤ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ስገለብጠው ደግሞ ጀርባው ላይ ሐይቄን አገኘሁት። ለማበሻ ያሉትን። ጨርቅ ጠፍቶ ይሁን ሌላ ነገር አስበው፣ አልጠይቅዎትም።

ብሩሹን አነሣሁ፤ አስቀመጥሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። አገርነሽ «ቀኑ እኮ እየሄደ ነው፤ የአባትሽን ፊት ልታጠቁሪ ነው ወይ?» አለችኝ። ልመልሰው ብዬ ጠቅልዬም ነበር። ለምን እንዳቃተኝ ለእርስዎ ካልነገርሁ እጄ እንደማይፈታ የገባኝ ያኔ ነው።

በ1970 መርስዔ ኀዘንን ከገደሉት በኋላ እርስዎ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ቀብር አልነበረን፤ ለቅሶ ክልክል ነበር፤ በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። «ዓይኑን ማን ከደነለት?» አሉኝ። እኔ እሳቱን ልቆስቁስ ብዬ ተነሣሁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በዓመቱ መንነው ወደ ደሴቱ ገዳም ተሻገሩ፤ ጥያቄው እኔ ዘንድ ቀረ።

ማንም አልከደነለትም አባባ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ዳር አጋድመዋቸው ነበር። የእሱ ሬሳ ከዳር ነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል፤ አላነበብሁትም። ዓይኖቹ ወደ ላይ ተከፍተው ቀርተዋል፤ ሲያካፋ ስላደረ ውሃ ቋጥረዋል። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጣቴ ሽፋሽፍቱን ሊነካ ሲል ጠባቂው በሰደፍ ክንዴን መታው።

«እለፊ! እንዲታይ ነው የተቀመጠው።»

ሌላው ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። ከኋላዬ የነበረች ሴት ጎትታ አሳለፈችኝ። ፋብሪካ ገብቼ ጥጥ ጠረግሁ። ክንዴ ሲያብጥ በር ላይ ወደቅሁ አልኋቸው። ማታ መጥቼ ለእርስዎም እንደዚያው አልሁ፤ ቅቤ ቀቡልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ባስቀመጥሁ ቁጥር ወደ ላይ ያያሉ። ሐይቁ ዓይን የሌለው ለዚህ ነው። የእርስዎን ሥርዓት ንቄ አልነበረም።

ይህን በልቤ አንድ ጊዜ ከነገርሁዎ በኋላ ብሩሹን አነሣሁት። ከፈረቃ መልስ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በር ከፍቼ ሠራሁ። ነጩ ጠመኔ፣ ብሌኑ የባትሪ ድንጋይ ነው። ዙሪያውን ያዞርሁበት ቀይ ከቀበሌው ቅስት የተረፈው ነው፤ ይህን ለመነኮሳቱ አይንገሯቸው። መጀመሪያ የንስሩን አደረግሁ፤ ወፍ ስለሆነ ቀለለኝ። ከዚያ ላሙን፣ አንበሳውን። የሰውዬውን ገጽ መጨረሻ አደረግሁት። ሁለቱን ዓይኖች ስጨርስ አየኝ፤ እኔም አየሁት። መርስዔን አይመስልም። ማንንም አይመስልም። ክንፎቹ ቀሩ። አገርነሽ መጥታ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ የብርጓል! ስንት ዓይን ነው! ቀበሌም ይህን ያህል የለው!»

(አለበል፣ ይህችን ዝቅ አድርገህ አንብባት።)

አሁን ጨርቁን ያቅርብልዎ። ከወጠርሁበት ሸምበቆ እንዳትፈቱት። የሰውየውን ገጽ በእጅዎ ያግኙትና ወደ ታች፣ ወደ ግራው ክንፍ ይውረዱ። ዓይኖቹን ይዳስሱ። ለእርስዎ ስል ብናኝ ለውሼ አሳብጫቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ብሌን ጣት ሥር ይገባል። ክንፉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አንዱ ልሙጥ ነው። እብጠት የለውም፤ ከታች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አለችው፤ ሽፋሽፍቱ ናት።

ያ የተከደነ ነው አባባ። እሱን እኔ ከደንሁለት። በብሩሹ አልነበረም፤ በጣቴ ነው፣ ከላይ ወደ ታች።

መነኮሳቱ «ይህስ ለምን ተዘጋ?» ቢሉ ሰዓሊው ተሳስቷል ይበሏቸው። እንዲነሣ ካዘዙም እርስዎ ያውቃሉ፤ በላዩ የሚቀባ ሰው አይጠፋም። ሥሩ ግን ያው የተከደነው ነው የሚኖረው።

ጣትዎ ቀለም ከያዘ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ተልባ ቀርፋፋ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ያግኘው፤ አይታጠፍ፤ ለኅዳር ስምንት ይደርሳል። ጀርባው ዘይት ስላለው ሙጫውን ያወፍሩት፤ ግድግዳው በቀላሉ አይቀበለውም። ሐይቄ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀራል። አይከፋኝም። እኔ በማልገባበት እሱ ይግባ።

ዓይንዎ ጭራሽ ሄዶ እንደሆነ ወይስ ጥላ ያዩ እንደሆነ፣ አለበል ይንገረኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ፈረቃ ለውጬ እመጣለሁ። ወደቡ ድረስ ሰው እጅዎን ይዞ ያውርድዎ። ምንም ሥዕል አላመጣም፤ እንዲሁ እንቀመጣለን።

ከወደቡ የማታልፈው ልጅዎ፣
የብርጓል