ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ

ለታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። እናታችን ትናንት ድንችና የደረቀ ዓሣ አብራኝ በላች። ወንድማችንን ከቀበርን ወዲህ ሳህኗን ስትጨርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምነግርሽ ደስ ስለማይል ነው።

እሑድ ስትደውዪ በደንብ ያልመለስኩልሽ ስልኩ የተተከለው ወጥ ቤት ስለሆነ ነው። እናታችን አጠገቤ ድንች ትልጥ ነበር። የኔና የመንግሥት ዓሣ ቆጣሪው ቁጥር አስራ ስምንት ቀን ሙሉ እንዴት አንድ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። እኛን ወክለሽ በምትቆሚበት በሚመጣው ሰኞ የጋራ ጉባኤ ላይ የመንግሥት ወገን «ልጁ አይቆጥርም፣ ይገለብጣል» ሊል መዘጋጀቱንም ነገርሽኝ። እኔ ደግሞ ዓሣው ጥቂት ስለሆነ አያሳስትም አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሜን ሲጠራ እንኳ የተያዝኩ ይመስለኛል።

ስምምነቱን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፦ ወንዙን በሚያቋርጠው የዓሣ አጥር ላይ ከኛ አንድ፣ ከመንግሥት አንድ ሰው ይቆጥራል፤ ሁለት ፊርማ የሌለው ቀን ይሰረዛል። ከባሕር ሊራባ ወደ ላይ ከሚወጣው ሳልመን አምስት ሺህ ማለፉ ካልተረጋገጠ በመረብ ማጥመድ አይፈቀድም። ወንድማችን መጋቢት ላይ በዚያ በረዶ መንገድ ከተለየን በኋላ የቆጣሪነት ወረቀት ያለን እኔና የአክስታችን ልጅ ሌናርድ ብቻ ቀረን። ሌናርድ ደግሞ የደን እሳት ሊያጠፋ ሄደ።

እናታችን በር ላይ ቆማ ከለከለችኝ። «ዓሣ እንግዳ ነው» አለች። «ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ዓይኑን ከጣለበት ከደጃፍ ይመለሳል። ዓመቱ ሳይወጣ አታየውም።» እኔ ካልሄድኩ ዓሣ የሚደርቅበት የመንደሩ ሁሉ የጭስ ቤት ክረምቱን ባዶውን ይከርማል ብላትም አልሰማችኝም።

መላ ያመጡት ሽማግሌው ግሌን ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ከወንድማችን ጋር የቆሙት የመንግሥት ቆጣሪ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ቤታችን ድረስ መጥተው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና፣ ልጁ ጀርባውን ለወንዙ ይስጥ፣ እኔ እያየሁ እጠራለሁ፣ እሱ እየሰማ የእጅ መቁጠሪያውን ቁልፍ ይጫናል አሏት። እናታችን ሻይ ቀዳችላቸው።

«ከትልቁ ልጅሽ ጋር ዘጠኝ ዓመት ስቆም አንድ ዓሣ አልደበቅኩም» አሏት።

«እሱ ግን የመንግሥት ዓሣ ሁልጊዜ ከኛ ዓሣ ያንሳል ይል ነበር» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው ያን ቀን ነው። እንዲህ ብላ ፈቀደችልኝ።

አስራ ስምንት ቀን፣ ጠዋት ከትምህርት በፊትና ማታ ከትምህርት መልስ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ጥዶቹን ሳይ ሰነበትኩ። ግሌን ከኋላዬ «አንድ… አንድ… ሁለት ተከታትለው…» ይላሉ፤ እኔ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። አንዳንዴ «ይቺ ወፍራም እንደ ባለቤቴ ሁሉን እየገፋች ነው የምታልፈው» ይሉና ብቻቸውን ይስቃሉ። የዘንድሮውን ዓሣ የማውቀው በሳቸው ድምፅ ነበር። ጥሩ ሰርተናል ብዬ አምን ነበር።

አንቺ ከደወልሽ በኋላ ግን ያለፈውን ዓመት መዝገብ አውጥቼ አየሁ። የወንድማችንና የግሌን ቁጥር አንድም ቀን እኩል አልሆነም። ሦስት ይበልጣል፣ ሁለት ይጎድላል። ጠርዙ ላይ በዚያ ጠማማ ጽሕፈቱ «ግሌን ከድብ ጋር ሲጨቃጨቁ አራት አለፉ» ብሎ ጽፏል። ሁለት ሰው ሆነው ስለሚያዩ ይለያያሉ። እኛ የተስማማን መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ሰው ብቻ ነበርን።

በደወልሽ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ እንደ ወትሮው ሄድኩ። ስንጨርስ መቁጠሪያዎቻችንን አስተያየን። የሳቸው ሁለት መቶ ስድስት ይላል፤ የኔ ሁለት መቶ ዘጠኝ።

ግሌን የኔን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። «ዛሬ ጆሮህን አሞሃል እንዴ?» አሉኝ።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ሦስቱ ከየት መጡ?»

«እርስዎ መነጽርዎን ሲጠርጉ በግራ በኩል ያለፉ ናቸው።»

ግሌን መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና ጠረጉት፤ ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ከማግስቱ ጀምሮ መጥራት ተዉ።

እትዬ፣ የሚያስጨንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማክሰኞ ዘጠና ብቻ አለፉ። ትናንት ሠላሳ አንድ። ዛሬ አስራ አንድ። ግሌን ውኃው ሞቋል፣ ዝናብ እስኪመጣ ከጥልቁ አይወጡም ይላሉ፤ ከዓመታት በፊትም እንዲህ ሆኖ ነበር አሉ። ባምናቸው ደስ ይለኛል። ግን እናታችን ማታ ራት ላይ «ለምን አነሰ?» ብላ ዓይኔን አየችው። ዓሣው አጥንት አለው ብዬ አቀረቀርኩ።

እስካሁን ከአምስት ሺህ ጥቂት አልፈናል። አስራ ስምንቱ ቀን ከተሰረዘብን ግን መረብ የለም። ስለ አስራ ስምንቱ ቀን እንድትዋሺልኝ አልፈልግም። ግሌን ጠሩ፣ እሱ ሰምቶ ቆጠረ ብለሽ ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው። ግሌን ራሳቸው ጉባኤው ላይ ቆመው ሊናገሩ ነው፤ ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ እሱንም አስበውበታል። ቢሰርዙብን ጥፋቱ የኔ ይሁን፣ በመንደሩ ፊት እኔ አፍራለሁ። ከአስራ ዘጠነኛው ቀን ወዲህ ያሉትን ገጾች ግን ማንም ይመርምራቸው፣ አልፈራም። ቁጥሮቹ ለምን መለያየት እንደጀመሩ አንቺ አትጠይቂኝ። አንቺም እንደኔ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ያላወቅሽውን አትሸከሚም።

ደብዳቤውን የጤና ጣቢያው ሹፌር ነገ በእጅሽ ይሰጥሻል። ሰኞ በጉባኤው ቃልሽ ይሰማ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ። ለኛም ዝናቡን ያውርድልን። ሻይ በማር ጠጪ፣ ሳል አይናቅም።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ልረሳው ነበር፦ ትናንት ካለፉት አንዷ ጎኗ ላይ ባሕር ውስጥ አውሬ የነከሳት ትልቅ የጥርስ ጠባሳ አለባት። ሦስት ጊዜ ውኃው መለሳት፤ በአራተኛው አለፈች። ይህን ለእናታችን ብታጫውቻት ደስ ይላታል። ማን ነገረሽ ካለችሽ፣ ግሌን ናቸው በያት።