ሃያ ሰባት ደቂቃ የቆየች መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ ክፍል ገባሁ። ከዚሁ ክፍል ኃላፊነት ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ግን ክሊኒኩ ያስመጣኛል፣ ልጆቹን እንድቆጣጠር። አራት ጸሐፊዎች፣ አራት ኮምፒውተሮች። የበሽተኛው ካርድ ሁሉ አምና ወደ ማሽን ገብቷል፤ መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። አንዷ ጃንጥላዋን አንዱ ላይ ሰቅላለች... አወረድኩት።

ከጀርባቸው ቆሜ አየሁ። ሦስቱ ቶሎ ይጽፋሉ፣ ይሳሳታሉ። አራተኛዋ ቀስ ትላለች፣ አትሳሳትም። ጓደኞቿ ዝምታ ይሏታል። ለእሷ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ነግሬ አላውቅም።

ማሽኑ ይንቀራፈፋል። አንድ ካርድ እስኪከፈት እስከ ሃያ ቆጠርኩ። “እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም፣ የአማቴ መልስ ነው” አለች አንዷ። አልሳቅኩም። ኮሪደር ላይ ስደርስ ግን ሳቄ መጣብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ትናንት አንድ አናጢ የማይስማማው መርፌ ተወጋ። ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነበር አሉ። ተርፏል። ካርዱ ላይ “የማይስማማ መድኃኒት” የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሐኪሙ ባዶ አይቶ አዘዘ። ተመላላሽ ክፍል የምትሠራው ሲስተር ግን “ባለፈው ረቡዕ ራሴ ሞልቼዋለሁ” ትላለች።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ።

“እትዬ፣ የተጻፈ ነገር ዝም ብሎ ይጠፋል?”

“ማሽኑን አላውቀውም። ያልተጻፈ ግን አልተደረገም።”

ይህን አባባሌን የማያውቅ የለም። ራሱን ነቀነቀ። ሲስተሯ ከሥራ ታገደች። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ኅዳር 17 ይቀመጣል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ሲስተሯ ቤት ድረስ መጣች። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ እትዬ።”

“ታዲያ የት ሄደ?”

“እኔ እንጃ።”

“እኔ እንጃ መልስ አይደለም።”

ውሃ ቀረበላት፤ አልነካችውም። የሥራ ፈቃዷን ከቀሟት የትም እንደማትቀጠር ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ያንን ወደድኩላት።

ከሄደች በኋላ እህቴ ጀመረችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በምላስ ትበልጠኛለች።

“እታለም፣ ሰው እኮ ናት፣ ዶሴ አይደለችም።”

“ዶሴ አይዋሽም።”

“አፍ ስለሌለው ነዋ!”

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ልብስ ተኮስኩ። የሲስተሯን ነገር ሁለት ጊዜ አሰብኩ። ለምን?

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ መጣ። ጢሙ ይሉታል፤ እሱ ሳይደርስ ጢሙ በር ይገባል። ማሽኑ ለምን እንደሚጎተት እየመረመረ ነው። እንዴት እንደሚመረምር ጠየቅኩት።

“አንድ ገጽ በከፈታችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ካርዱ ሁሉ ለተከማቸበት ዳታቤዝ ጥያቄ ይልካል። የእገሌን ካርድ አምጣ፣ ይህን ጻፍ፣ እያለ። የትኛው ጥያቄ እንደሚያንቀራፍፈን ለማወቅ ከጥቅምት 26 ጀምሮ ሁሉንም በሎግ እያስመዘገብኩ ነው።”

“ማን እንደጠየቀስ?”

“ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት። አንድም አያመልጠውም።”

ወዲያው ገባኝ። ድሮ በራችን ላይ የነበረው ትልቁ መዝገብ ነው። ካርድ የወሰደም የመለሰም ሳይጻፍበት አያልፍም ነበር።

“የት ታስቀምጠዋለህ?”

“አላስቀምጠውም። የሰው ሕመም ሁሉ እንዳለ ሰፍሮበታል። ዲስኩንም ሞልቶታል። ረቡዕ አጠፋዋለሁ።”

ልክ ነው። የሰው ገመና አይሰጣም። ግን ሲስተሯ ጻፍኩ የምትልበት ቀን ጥቅምት 28 ነው... የአናጢውን የካርድ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ከማጥፋትህ በፊት ይህን ብቻ አውጣልኝ አልኩት።

“እትዬ መዝገብ፣ መርማሪ ሆኑ እንዴ?”

“ዳይሬክተሩ ፊት ተናግሬያለሁ። የተናገርኩትን ማጣራት አለብኝ።”

ከኋላዬ እትዬ መዝገብ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ፊት ለፊት ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጢሙ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ የጥቅምት 28፣ ጥቂት መስመር። ሰዓቱ በማሽን አቆጣጠር ስለሆነ ስድስት ስድስት እየቀነስኩ አነበብኩ።

3:05። ዝምታ፣ ከካርድ ክፍል፣ የአናጢውን ካርድ ከፈተች።
3:12። ሲስተሯ ከፈተች።
3:14። ሲስተሯ ጻፈች። ፔኒሲሊን አይስማማውም።
3:41። ዝምታ አስቀመጠች። ያ ቦታ ባዶ።

ጽፋለች። አልዋሸችም። ሃያ ሰባት ደቂቃ ቆይቶ ተደመሰሰ።

ጢሙ በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ዝምታ ገጹን የከፈተችው ሲስተሯ ከመጻፏ በፊት ነው። መስኮቱ ላይ ሰው ስታስተናግድ ክፍት ቆየ። በኋላ “አስቀምጥ” የሚለውን ስትጫን ገጹ ሲከፈት የነበረውን ሁሉ መልሶ ጻፈ፣ ባዶውንም ጭምር፤ ገጹ ሥር የነበረው የሲስተሯ ስምም አብሮ ተደመሰሰ። “በመሃል ሌላ ሰው ጽፏል ብሎ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቅ ነበረበት። እሱ የኔ ጥፋት ነው” አለ። ከዚያ ጢሙን ማከክ ጀመረ።

“የማይገባኝ ሌላው ነው። ልጅቷ ምንም አልቀየረችም እኮ! ምን ብላ አስቀመጠች? እሷ ብቻ ብትሆን ደግ። አራቱም በቀን ስድስት መቶ ጊዜ፣ ምንም ሳይነኩ ያስቀምጣሉ። የሚያንቀራፍፈንም ይኸው ነው። ማነው እንዲህ ያስተማራቸው?”

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

እኔ ነኝ። በወረቀቱ ዘመን ካርድ ያነበበ ሳይፈርም አይመልስም ነበር። ማሽኑ ላይ መፈረሚያ አጣሁ። አምና በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስቤ ነገርኳቸው... አንብባችሁ ስትጨርሱ “አስቀምጥ” ተጫኑ፣ ስማችሁና ሰዓቱ ከታች ይቀራል፣ ፊርማችሁ እሱ ነው። ያነበበ ሁሉ ይታወቃል ብዬ ነው።

ከሰዓት ሎጉን አጠፋው። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ወረቀቱ ሲስተሯን ያወጣታል። ዝምታን ግን ይጥላታል። ስሟ ተጽፎበታል፤ የኔ ስም የለበትም። ትእዛዙን የሰጠሁት በቃል ነው። እኔ! ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንኳ አለጠፍኩትም። ያልተጻፈ አልተደረገም ካልን፣ ምንም አላዘዝኩም።

እህቴን ነገርኳት። ትሳለቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣

“ሰውዬው ሞቶ ቢሆንስ?” አለች።

“አልሞተም።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም።”

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ባለ ጎማ ወንበሮች። ወረቀቱን ለሰብሳቢው ሰጠሁ። ጢሙ መስመር በመስመር አስረዳ፤ የራሱን ጥፋት አልደበቀም። ሲስተሯ 3:14 የሚለው ሲነበብ ዓይኗን ጨፈነች።

ወዲያው ዝምታን አስጠርተው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

“ምንም ሳትቀይሪ ለምን አስቀመጥሽ?”

“ልማድ ነው።”

“ማነው ያስለመደሽ?”

መሬት መሬት አየች። ደግመው ጠየቋት። እዚያው ጥግ ተቀምጬ፣ በአራት እርምጃ ርቀት... ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስሜን ከምትጠራ ሥራዋን ልትለቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ታዛዥነት ያስተማርኳት እኔ ነኝ?

ተነሣሁ። “እኔ ነኝ ያዘዝኩት” አልኩ።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። “በጽሑፍ አለ፣ እትዬ?”

“የለም።”

“ያልተጻፈ አልተደረገም ይሉን አልነበረም?”

ከኮሚቴው ሁለቱ ሳቁ።

“እል ነበር። በዚያ አባባሌ ነው ይህችን ሲስተር ያሳገድኳት። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? ይጻፍ።”

ቀስ ብዬ አስጻፍኩት፤ ቀኑን፣ ቃሉን፣ ለማን እንደተነገረ። “ተሳስቼ” የሚለውን ጸሐፊው ዘሎት ነበር። አስገባው አልኩት። አንብቤ ፈረምኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ሲስተሯ ተመለሰች። ዝምታ በቃል ተመከረች፣ አበቃ። ለኔ ደብዳቤ መጣ። “ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎትዎ” እያለ ያመሰግናል፤ ከእንግዲህ ሰኞና ረቡዕ መምጣት አያስፈልገኝም። የአጻጻፍ ስሕተት የለበትም። ተገቢ ነው።

ከመውጣቴ በፊት አራቱን ሰበሰብኩ። ስታነቡ ዝም ብላችሁ ዝጉ፣ ሲቀየር ብቻ አስቀምጡ አልኳቸው። ይህንን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ዝምታ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ።

“እትዬ... እጄ ግን ራሱ ነው የሚሄደው።”

“ያዢው።”

ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ ወፍራም ነው።

ተመላላሽ ክፍልም ሄድኩ። ሲስተሯን ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። “እርስዎ ብቻ አይደሉም ያላመኑኝ” አለች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። አላስገደድኳትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ምንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ደም ግፊቴን ለመለካት ሄድኩ። እህቴ አልቀርም ብላ ተከተለችኝ። ስንት ዓመት በሠራተኛ በር ስገባ ኖሬ ዛሬ መስኮቱ ጋ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሰባት ሰው። ካርዱ ግን ቶሎ ይከፈታል አሁን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ያቺው ሲስተር ናት። እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሲስተሯ እንደ ማንኛውም በሽተኛ አስቀመጠችኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ለካች። ከፍ ብሏል አለች።

“የማይስማማዎ መድኃኒት አለ?”

“አስፕሪን። ሆዴን ያደማኛል።”

ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገች። ስክሪኑ ወደ እሷ የዞረ ነው፤ ከኔ ወንበር አይታይም።

“ጽፌዋለሁ” አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። አሳዪኝ እንድላት ጠበቀች። እህቴም ጠበቀች።

እጅጌዬን አወረድኩ። አመስግኜ ወጣሁ።