ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሳህን

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እየረገመች ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ጽሕፈቴ ቢንገዳገድብሽ አትፍረጂብኝ፣ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ለእናትሽ ስትደውዪ "እሱስ ደህና ነው?" ብለሽ ጠይቀሽ ስልኩን እንደምትዘጊ አውቃለሁ። አጠገቧ ቆሜ ነው የምሰማው።

ከወርክሾፑ ጀርባ የነበረውን ዛፍ፣ ልጅ ሆነሽ ገመድ አስረሽ የምትወዛወዢበትን፣ የነሐሴ ንፋስ ጣለው። እናትሽ ይኼ ማገዶ አይሆንም ብላ መጋዙን ራሷ አምጥታ አስያዘችኝ። የግንዱን እምብርት ቆርጬ ጣልኩ፤ ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያ ነው። ከቀረው አንድ ትልቅ ሳህን በቶርኖ እያሽከረከርኩ ቀርጬ አወጣሁ። ሲደርቅ መጣመሙ ስለማይቀር ወፍራም አድርጌ ተውኩት፣ ጠርዙንና ቁርጡን ሰም ቀባሁት፣ ከገዛ ፍቅፋቂው ጋር በወረቀት ከረጢት ከትቼ ንፋስ የማያገኘው ጥግ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ላንቺ መንገር አያሻም። ውጩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ከሆነ፣ እንጨት ከራሱ ጋር ተጣልቶ ይሰነጠቃል።

እሑድ እሑድ አወጣና በወጥ ቤቱ ሚዛን እመዝነዋለሁ፣ ቀኑንና ክብደቱን ታቹ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። እናትሽ "ልጅህን እንኳ እንዲህ መዝነህ አታውቅም" ብላ ስቃብኝ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

የመጀመሪያ ሳህንሽን ታስታውሻለሽ፣ ሆቴል ያላት ሴትዮ ያዘዘችውን፣ ብቻሽን ከግንድ ጀምረሽ ያወጣሽውን። ከረጢት ከገባ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሴትዮዋ ለቅዳሜ እፈልገዋለሁ ብላ ላከችብን። አንቺ ክብደቱ ገና እየቀነሰ ነው፣ አይደርስም አልሽኝ። እኔ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ነኝ ባዩ ግን፣ ሰም ልትገዢ በወጣሽበት ጠዋት ከከረጢቱ አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ረፋዱ ላይ ጧ ሲል ሰማሁት። ከጠርዙ እስከ ታቹ ተከፍሏል። አፈርኩ፣ መልሼም ከረጢቱ ውስጥ ደበቅኩት።

ቅዳሜ ከረጢቱን በሴትዮዋ ፊት ስትከፍቺ ያልኩሽን አልረሳሁትም። "የሳህኑ ግድግዳ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ነው የተሰነጠቀው። እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።" ሽርጥሽን ሚስማሩ ላይ ሰቅለሽ ወጣሽ፣ በዚያው የቢሮ ሠራተኛ ሆነሽ ቀረሽ። በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል ይላሉ፣ እኔ በገዛ ልጄ አደረግሁት።

ከሄድሽ በኋላ መለኪያ ይዤ የሳህንሽን ግድግዳ ዙሪያውን ለካሁት። የፀጉር ያህል ልዩነት የለውም፣ ልጄ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ እኩል አድርጌ አላወጣሁም። ሰባት ዓመት ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናትሽ የነገርኳት ትናንት ነው፣ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እውነት አላት።

አሁን ከረጢቱ ውስጥ ያለው፣ ከዛፍሽ ያወጣሁት ሳህን አንድም ስንጥቅ የለበትም። ሚዛኑ ላይ ሦስት እሑድ ሙሉ ቁጥሩ አልተለወጠም፣ ደርቋል ማለት ነው። የቀረው ስሱ ሥራ ነው፣ ዳግመኛ ቶርኖ ላይ ወጥቶ ግድግዳው መሳሳት አለበት። እኔ አልነካውም። ነይ ለማለት አፍ የለኝም። መሮዎቹን ግን ስዬ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ሽርጥሽም ከሰቀልሽበት አልወረደም።

ክፉ አይንካሽ። የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። ያን እጅሽን ደግሞ ፈጣሪ ይባርክልኝ።

የበደለሽ አባትሽ

ከፊርማዬ በኋላ ይህን ልጨምር። ጠረጴዛው አራቱም እግሩ ደህና ነው። ከመስከረም ጀምሮ የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው። ዳግመኛ በሌላ ማሳበብ አልፈለግሁም።