ለመድን ቅጽህ የጠየቅኸኝ መልስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለነብዩ በቃሉ፣ ኩዋላ ላምፑር።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ሥራህስ እንዴት ይዞሃል? ያ የራስ ምታት ተወህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? የዚያ አገር ምግብ ተስማማህ? እኛ፣ እኔ እህትህ የወርቅውሃ፣ እማዬና እህታችን ቤዚ፣ በቁማችን አለን። ክረምቱ ገብቷል። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ የሚበላው ሰው ጠፍቶ ረገፈ። እንደ ወትሮው ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህን ቃል ግን ከእንግዲህ በውሸት አልጽፈውም።

ነብዩ፣ ይህን ወረቀት አትሞ ያመጣልህ የጎረቤታችን የጋሼ ባቢከር ልጅ ሙርሳል ነው። እዚያው ከተማ እንደሚማር ታውቃለህ። ገና ከአልጋህ ሳትነሣ በማለዳ በርህን አንኳኩቶ አጠገብህ ሲቀመጥ፣ ያገራችንን ልማድ ታውቃለህና፣ ልብህ ሳይጠረጥር አልቀረም። አባዬ አርፏል። ያረፈው የካቲት አሥራ ስምንት ነው፤ አራት ወር ሊሞላው ነው። አልቅስ ወንድሜ። ሙርሳል ቀኑን ሙሉ ካንተ ጋር ይውላል፤ አባቱ አደራ ብለውታል።

ለምን ደበቃችሁኝ ብለህ ብትቀየመን እውነት አለህ። አንተ በኮምፒውተር እየሠራህ በየሁለት ወሩ አገር የምትቀይር ሰው ነህ። ያን ጊዜ ታይላንድ ነበርክ፤ መርዶ የሚያረዳህ፣ ስትወድቅ የሚይዝህ አንድ ያገር ልጅ አጠገብህ አልነበረም። እማዬ ልጄ ብቻውን በሰው አገር ሰምቶ ምን ይሆንብኛል አለች። እኛም መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ተስማማን። ከዚያ በኋላ በደወልክ ቁጥር አባዬ ማሳ ወርዷል፣ አባዬ ተኝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አልንህ። ለፋሲካ ድምፁን ካልሰማሁ ብለህ ስታስጨንቀን፣ ቤዚ አምና አባዬ ለአጎታችን ሲልክ ስልኳ ላይ ቀርቶ የነበረውን የበዓል ሰላምታ ላከችልህ። አንተ ደስ ብሎህ ድምፁ ዘንድሮ ጠንከር ብሏል ብለህ ጻፍክ። እማዬ ይህን ሳነብላት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክህን ማንሣት እፈራለሁ።

አሁን የምነግርህ አንተው ስለጠየቅኸኝ ነው። የጤና መድንህ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል ብለህ የሁለት ኩባንያ ቅጽ ልከህልኝ፣ ቀበሌ ተቀምጠሽ የሰውን ሁሉ የጤና መድን የምትመዘግቢው አንቺ ነሽና ምረጪልኝ ብለህ ቀለድክብኝ። እኔ የማውቀው የኛን ደብተር ነው፤ የቤተሰብ ስም፣ ፎቶና ማኅተም። ቢሆንም ሁለቱንም በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ አነበብኳቸው። ርካሹ ሞተር ሲጥልህ፣ እግርህ ሲሰበር ነው የሚደርስልህ። ውዱ ግን ታመህ ስትተኛም ያሳክምሃል፤ ወላጅ በጠና ቢታመም ወይም ቢሞት ደግሞ የመመለሻ ትኬት ይቆርጥልሃል። አንተም ከሥሩ፣ አባዬ እያረጀ ነው፣ ለዚህች አንቀጽ ስል ይህን ልያዝ መሰለኝ ብለህ ጽፈሃል። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ከወላጆችህ የኩላሊት ሕመም ያለበት አለ ወይ የሚለውን የለም ብለህ ሞልተኸዋል። የጻፍከው እኛ ያልንህን ነው፤ አባዬን ወባ ነው የሚያመላልሰው ስንልህ ነው የኖርነው። አባዬ የሞተው በኩላሊት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቆናል። እግሩ ሲያብጥ እንዳናይበት በበጋ እንኳ ቦቲ ጫማውን አያወልቅም ነበር፤ ሐኪም ሲጠይቀው ምንም የለብኝም ይላል። መጨረሻ ላይ በማሽን ሲታይ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ውሃ በቋጠሩ እብጠቶች ተሞልተው ተገኙ። ሐኪሙ ይህ በዘር የሚወርድ ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ይመርመሩ አለን። እኔና ቤዚ ታይተን ምንም አልተገኘብንም። ያልታየኸው አንተ ብቻ ነህ። ራስ ምታትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው ስላለን፣ ራሴን አመመኝ ባልከኝ ቁጥር ያ ሐኪም ትዝ ይለኛል።

እኛ ቤት ሕመምን መደበቅ ፍቅር ይመስለናል። አባዬን ያሳጣን ይኸው ነው፤ አንተን ግን እንዲያሳጣኝ አልፈቅድም። ከመፈረምህ በፊት ሄደህ ተመርመር። ቅጹ ላይም አባቴ ነበረበት ብለህ ጻፍ። ክፍያ ይጨምሩብህ ይሆናል፣ ኩላሊትህን አንሸፍንም ይሉህ ይሆናል፤ ይበሉ፣ አውቀኸው ትገባበታለህ። አምና አንድ ሰው እናቱን ደብተሩ ላይ ሳያስመዘግብ ቀርቶ፣ የታመመች ዕለት በቃሬዛ አምጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። መዝገቡን ሦስቴ ገለጥኩት፣ ስሟ የለም። የዚያን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንተ እንደዚያ በሰው አገር በር ላይ እንዳትቆምብኝ።

በዚህ ሁሉ ጋሼ ባቢከርን ነበር ያማከርኳቸው። እንደ ልማዳቸው፣ ሴቱንም ወንዱንም በማይለየው አማርኛቸው እኔን አንተ እያሉ፣ አንተ እህቱ ነህ፣ አንተ ጻፍ፣ ሙርሳል ያደርሳል፣ ወላሂ ልጁ ብቻውን አይሰማም አሉኝ። የአባዬን መቃብር የቆፈሩት ከዕድራችን ሰዎች ጋር የእሳቸው ልጆች ናቸው። አላህ ያጽናህ ብለውሃል። ቤዚ ስለላከችልህ ድምፅ ይቅር በለኝ ትልሃለች፤ እሷን አትቆጣት፣ ላኪው ያልኳት እኔ ነኝ። እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ማቋን እስከምትመጣ አላወልቅም ብላለች። ሙርሳልንም ቁርስ ሳታበላ እንዳትሸኘው።

የቤታችንን የመድን ደብተር ዘንድሮ ያደስኩት እኔው ነኝ። የአባዬን ስም በእጄ ሰረዝኩ። እዚህ አትኖርምና ያንተንም ልሰርዝ ብዕሬን ሳስጠጋ እማዬ እጄን ያዘችኝ። ስምህ እንዳለ ነው። ወደ ቤት የምትመልሰው አንቀጽ ለአባዬ አልደረሰችም፤ አንተ ግን አሁንም ያንኑ ያዝ። እማዬ ገና በሕይወት አለችልን።

እህትህ የወርቅውሃ በቃሉ
አሶሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.